የተጎዳ ጥርስ ስለሚታደስበትና የጎደለ ጥርስ ስለሚተካበት ጥበብ

በቆሎ መካከል ተሰውራ የቈየች አንዲት ደቃቅ ጠጠር፣ ሰው ሳያስባት በመንጋጋው መካከል ስትገባ የምታደርሰው ጉዳት ከመጠኗ ጋር የሚመዛዘን አይደለም። ጤናማ ጐልማሳ በመንጋጋ ጥርሱ አጥብቆ በነከሰ ጊዜ የሚያሳርፈው ኀይል ከ50 ኪሎ ክብደት የሚበልጥ ስለ ሆነ፣ ይህ ሁሉ ኀይል በጠጠሯ ጫፍ ላይ ሲከማች ጥርሱ ይሰነጠቃል፤ ወይም አንደኛው ጐኑ ተገምሶ ይወድቃል። አንዳንዱ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ በጥርሱ ሲከፍት፣ አንዳንዱም ሸንኰራ አገዳ ሲልጥ የፊት ጥርሱን ይሸርፋል። ከእነዚህ ሁሉ የሚበዙት ግን ስኳር የበዛበትን ምግብና መጠጥ ቀኑን ሙሉ እየደጋገሙ፣ ጥርሳቸውን ሳያጸዱ በመተዋቸው፣ ጥርሱ ለዓመታት በዝግታ ተቦርቡሮ በመጨረሻ እንደ እንቍላል ቅርፊት የሚሳሳባቸውና አንድ ቀን በለስላሳ እንጀራ እንኳ የሚሰበርባቸው ናቸው።

እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሕመሙ እስኪጠናበት ድረስ ችሎ መኖር፣ ከጠናበትም በኋላ ማስነቀል ነው። ወደ ጤና ጣቢያ መጥተው፣ ጥርሳቸው ገና ሳይታይ፣ «ንቀሉልኝና ልረፍ» የሚሉን ጥቂቶች አይደሉም። ነገር ግን ከሚነቀሉት ጥርሶች መካከል ሥራቸው በአጥንቱ ውስጥ ጠንክሮ የቆመ፣ ጉዳታቸውም ከድድ በላይ በሚታየው ክፍል ብቻ የተወሰነ ይገኙባቸዋል። ሥሩ ደኅና የሆነ የተሰበረ ጥርስ፣ ነፋስ ክዳኑን የወሰደበት ነገር ግን መሠረቱ ያልተናጋ ቤት ይመስላል። እንዲህ ያለውን ቤት ባለቤቱ መልሶ ይከድነዋል እንጂ አያፈርሰውም። በዚህ ወር የምንጽፈው ስለዚሁ ክዳን፣ ይኸውም የጥርስ ሐኪሞች «ዘውድ» ስለሚሉት፣ እንዲሁም ጥርስ ፈጽሞ በጎደለበት ስፍራ ስለሚዘረጋው «ድልድይ» ነው።

ነገሩን ለመረዳት የጥርስን አሠራር በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል። የዐዋቂ ሰው ጥርስ ሲሟላ 32 ነው። ከድድ በላይ የምናየው ክፍል ኢናሜል በሚባል ልባስ የተሸፈነ ነው፤ ይህም ልባስ በሰው ገላ ውስጥ ከሚገኘው ነገር ሁሉ የጠነከረ ሲሆን፣ ወፍራም በሆነበት ስፍራ እንኳ ከ2 ሚሊሜትር ተኩል እምብዛም አይበልጥም። ከእርሱ በታች ዴንቲን የሚባለው፣ ከአጥንት ጋር የሚቀራረብ ቢጫማ አካል አለ። በመካከሉም ነርቭና የደም ሥር የሚገኙበት የጥርሱ ልብ አለ። ኢናሜልን የሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ከድድ በሚወጣበት ጊዜ ስለሚጠፉ፣ ልባሱ አንድ ጊዜ ከተሰበረ እንደ ቍስል አይሽርም፤ እንደ ጥፍርም ተመልሶ አያድግም። የተሰበረውን ጥርስ የማደስ ነገር ለሰው እጅ የተተወበት ምክንያት ይኸው ነው።

ቀዳዳው ትንሽ የሆነ እንደ ሆነ ሐኪሙ የበሰበሰውን ጠርጎ ይሞላዋል፤ ይህም ይበቃል። ቀዳዳው ሰፍቶ የቀሩት ግድግዳዎች የሳሱ እንደ ሆነ ግን፣ መሙያው እንጨት እንደሚፈለጥበት ሽብልቅ ሆኖ በሚታኘክበት ጊዜ ሁሉ ግድግዳዎቹን ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። ስለዚህ በዚህን ጊዜ የሚያስፈልገው ጥርሱን ከውስጥ መሙላት ብቻ ሳይሆን ከውጭ አቅፎ መያዝ ነው። ገበሬ የማረሻውን እንጨት በወገል እንደሚያጠብቀው ሁሉ ዘውድም የቀረውን ጥርስ ዙሪያውን ይዞ እንዳይከፈል ይጠብቀዋል። ስሙ የክብር ስም ቢሆንም ሥራው የወገል ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ወገል የሚይዘው እንጨት ሲኖር ነው። ከድድ በላይ በዙሪያው 2 ሚሊሜትር ያህል ከፍታ ያለው ጤናማ የጥርስ አካል ካልቀረ፣ ዘውዱ የሚያቅፈው ስለማይኖረው ወይ ይወልቃል፤ ወይ ደግሞ ሥሩን ይሰነጥቀዋል። ይህችን 2 ሚሊሜትር አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን። አንድ ሰው ጥርሱ በተሰበረበት ሳምንት ቢመጣ የምትገኝ ናት፤ «ሕመሙ ተወኝ» ብሎ ሁለትና ሦስት ዓመት ቢቈይ ግን መበስበሱ እስከ ድድ ድረስ ስለሚወርድ ብዙ ጊዜ አትገኝም። ያን ጊዜ ሐኪሙ «አስቀድመው ቢመጡ ኖሮ» ከማለት በቀር የሚረዳው ነገር ጥቂት ነው።

ሌላም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። መበስበሱ እስከ ልቡ የደረሰበት ጥርስ በጥርስ ሥር ሕክምና ሊድን ይችላል፤ ይኸውም የታመመው ነርቭ ወጥቶ፣ የሥሩ ቧንቧ ተጠርጎና ጸድቶ ሲሞላ ነው። ይህ በተደረገለት ማግስት ሰውየው ሕመሙ ስለሚለቀው ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል፤ ለዘውዱ በተቀጠረበትም ቀን አይመለስም። እውነቱ ግን ሥራው ገና እኩሌታው ላይ መሆኑ ነው። አስቀድሞ በመበስበስ፣ ኋላም ለሕክምናው በተከፈተው በር ምክንያት ከውስጥ ባዶ የሆነ መንጋጋ ጥርስ፣ በላዩ የሚያቅፈው ዘውድ ካልተደረገለት የመሰንጠቅ ዕድሉ እጅግ ከፍ ያለ ነው። ስንጥቁም ቍልቍል ወደ ሥሩ የወረደ እንደ ሆነ ያ ሁሉ ድካምና ገንዘብ በጉጠት ይፈጸማል። የፊት ጥርስ የሚሸከመው ጫና የተለየ ስለ ሆነ፣ ብዙ አካል ካልጠፋበት በቀር ይህ ግዴታ ሁልጊዜ አያስፈልገውም።

ዘውድ የሚሠራው ብዙ ጊዜ በሁለት ቀጠሮ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ ጥርሱንና ሥሩን በራጅ ከተመለከተ በኋላ፣ በማደንዘዣ መርፌ አደንዝዞ፣ ደቃቅ አልማዝ በተለበጠበት መሣሪያ ጥርሱን ዙሪያውን ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ያህል ይሞርደዋል። ግድግዳዎቹ ወደ ላይ ሲሄዱ በጥቂት ዲግሪ ብቻ እንዲጠቡ ይደረጋል፤ እጅግ ከጠበቡ ዘውዱ እንደ ባርኔጣ በቀላሉ ይወልቃል፤ ፈጽሞ ካልጠበቡ ደግሞ አይገባም። ከዚህ በኋላ እንደ ሊጥ ለስልሶ እንደ ጎማ በሚረጋ ነገር፣ ወይም በአሁኑ ጊዜ ባለ ብርሃን ትንሽ ካሜራ፣ የጥርሱ ልክ ይወሰዳል። ቀለሙ የሚመረጠው በቀን ብርሃን ቢሆን ይመረጣል፤ በመብራት የተመረጠ ጥርስ ውጭ ሲወጣ ሌላ መስሎ ሊታይ ይችላልና። በመጨረሻም የተሞረደው ጥርስ ራቍቱን እንዳይቀር ጊዜያዊ ዘውድ ተደርጎለት ሰውየው ይሰናበታል። በሁለተኛው ቀን ዋናው ዘውድ ይለካል፤ ሐኪሙ ባለ ቀለም ወረቀት አስነክሶ ከፍ ያለ ስፍራ እንደሌለው ከመረመረ በኋላ በልዩ ሲሚንቶ ያጣብቀዋል። በዘውዱ ጠርዝና በጥርሱ መካከል የሚቀረው ክፍተት ከ1 ሚሊሜትር ዐሥረኛ እጅ መብለጥ አይገባውም። የባለሙያ ሥራ ከሌላው የሚለየውም በዚህች በዓይን በማትታይ ጠርዝ ነው።

በውጭ አገር ለትምህርት በነበርንበት ዘመን፣ ይህ ዘውድ የሚሠራበትን ቤት ለመጎብኘት ዕድል ገጥሞን ነበር። በጠረጴዛው ላይ ከልኩ የተቀዳ የጀሶ ጥርስ ተቀምጧል። ሠራተኛው ትንሽ ማንኪያ በሚመስል መሣሪያ የቀለጠ ሰም ጠብታ በጠብታ እያንጠባጠበ በጀሶው ላይ ሙሉ ጥርስ ይቀርጽ ነበር፤ ጕብታውንና ሸለቆውን፣ ከጐረቤቱ ጋር የሚነካካበትን ስፍራ እንኳ ሳይቀር። ሰሙ ተቀርጾ ሲያልቅ እሳት በማይበግረው ጀሶ መሰል ጭቃ ውስጥ ተቀበረና ወደ ምድጃ ገባ። ሰሙ ቀልጦና ተቃጥሎ ጠፋ፤ በተወው ባዶ ስፍራም የቀለጠ ወርቅ ገባበት። ጭቃው በተሰበረ ጊዜ፣ ከጥቂት ሰዓት በፊት ሰም የነበረው ጥርስ ወርቅ ሆኖ ወጣ።

አብረውን የነበሩት የሌላ አገር ተማሪዎች እጅግ ተደነቁ፤ እኛ ግን የተደነቅነው በሌላ ምክንያት ነበር። የአገራችን አንጥረኞች መስቀል ሲሠሩ ቅርጹን አስቀድመው በሰም አበጅተው፣ በጭቃ ሸፍነው፣ ሰሙን በእሳት አስወጥተው በስፍራው የቀለጠውን ማዕድን ሲያፈሱ ኖረዋል። የቅኔ መምህራንም ላይ ላዩንና ውስጠ ምስጢሩን «ሰምና ወርቅ» ብለው የሰየሙት ከዚሁ ሙያ ወስደው ነው። ቅኔ ያልተማረው ያ የጥርስ ሠራተኛ ሰሙንና ወርቁን በእጁ ይዞ ሲሠራ ማየት ለእኛ ልዩ ደስታ ነበር።

ይህ ዘዴ ወደ ጥርስ ሕክምና በሚገባ የገባው፣ አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ዊልያም ታጋርት በ1907 ዓ.ም. ካሳየ በኋላ ነው (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ሐሳቡ ራሱ ግን እጅግ የቈየ ነው። ከ2,500 ዓመት በፊት በኢጣልያ ምድር ይኖሩ የነበሩት ኤትሩስካውያን የጎደለውን ጥርስ በሌላ ተክተው በቀጭን የወርቅ ጥብጣብ ከጐረቤቶቹ ጋር ያስሩት እንደ ነበር ከመቃብሮቻቸው የወጡት ቅርሶች ያስረዳሉ። የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1789 ዓ.ም. ሥልጣን በያዘ ጊዜ ከራሱ ጥርስ የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ የተሠራለትም ሰው ሠራሽ ጥርስ ከጉማሬ ጥርስና ከመሳሰለው ነበር እንጂ፣ ሰው እንደሚያወራው ከእንጨት አልነበረም። የዲትሮይቱ የጥርስ ሐኪም ቻርልስ ላንድ ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ከነጭ ሸክላ፣ ማለት ከፖርሴሊን፣ የተሠራ ዘውድ አስገኘ። በ1927 ዓ.ም. አትላንቲክን ብቻውን በአውሮፕላን ያቋረጠው ቻርልስ ሊንድበርግ የዚሁ ሰው የልጅ ልጅ ነው። ሸክላው ውበት ቢኖረውም በቀላሉ ይሰበር ስለ ነበር፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከውስጥ ብረት ከውጭ ሸክላ የሆነው ዘውድ ተፈልስፎ በዓለም ተስፋፋ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ዚርኮኒያ የተባለ፣ ነጭ ሆኖ ሳለ ብርታቱ ከብረት ጋር የሚወዳደር ነገር ተገኝቷል፤ እርሱም በሰም ሳይሆን በኮምፒውተር በሚመራ መሣሪያ ከአንድ ወጥ ድፍን ተፈልፍሎ ይወጣል። እንዲህ ያለው በኮምፒውተር የሚሠራ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በበሽተኛ ላይ የተሞከረው በ1985 ዓ.ም. በስዊስ አገር በዙሪክ ነበር።

ወርቅን ካነሣን ዘንድ ስለ ወርቅ ጥርስ አንድ ቃል ሳንናገር አናልፍም። ወርቅ ለኋላ ጥርስ እጅግ መልካም ነገር ነው፤ አይዝግም፣ አይሰበርም፣ በፊቱ ያለውንም ጥርስ አይበላውም። ነቀፋችን በወርቁ ላይ አይደለም። የምንነቅፈው፣ ምንም ሕመም የሌለበት የፊት ጥርስ ለጌጥ ሲባል በስስ የብረት ቅርፊት የሚለበጥበትን ልማድ ነው። እንዲህ ያለው ቅርፊት በልክ ያልተሠራ እንደ ሆነ ጠርዙ ከጥርሱ ይርቃል፤ በመካከሉም ምግብ ይገባል፤ መፋቂያም ሆነ ብሩሽ አይደርስበትም። ከላይ ሲያንጸባርቅ ከሥር ይበሰብሳል። ባለቤቱም የሚያውቀው መጥፎ ሽታ ሲጀምረው፣ ወይም ጌጡ ከነጥርሱ ተሰብሮ በእጁ ላይ ሲወድቅ ነው።

አሁን ወደ ድልድይ እንለፍ። ጥርስ ሲነቀል ሰው የሚያዝነው ለመልኩ ነው፤ ስለዚህ የጎደለው የኋላ ጥርስ የሆነ እንደ ሆነ «ማን ያየዋል» ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን ጥርሶች እንደ ግንብ ድንጋይ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው። አንዱ በወጣ ጊዜ ከበስተኋላው ያለው ወደ ባዶው ስፍራ ያዘነብላል፤ ከላይ ያለው ጓደኛውም የሚገጥመውን አጥቶ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል። በመካከላቸው በሚፈጠረውም ስርጓጕጥ ምግብ ይወተፋል። ጥርሱን ይዞ የነበረው አጥንትም ሥራ ፈት ሆኖ መሟሸሽ ይጀምራል፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ስፋቱ እስከ እኩሌታ ድረስ ሊቀንስ ይችላል። ይህ ሁሉ በሁሉም ሰው ላይ እኩል ይደርሳል ማለታችን አይደለም። አንዳንዱ ሰው አንድ መንጋጋ ጐድሎት ዕድሜውን በደኅና ይኖራል። ነገር ግን የሚደርስበትና የማይደርስበት አስቀድሞ አይለይም።

ድልድይ የሚሠራው እንደ መንገድ ድልድይ ነው። በክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ጥርሶች ምሰሶ ይሆናሉ፤ ለዘውድ እንደሚደረገው ይሞረዱና ዘውድ ይለብሳሉ፤ ምትኩ ጥርስም በሁለቱ ዘውዶች መካከል ተያይዞ በባዶው ስፍራ ላይ ይንጠለጠላል። ከተነቀለ በኋላ ቍስሉ ሽሮ አጥንቱ እስኪረጋ ድረስ ሁለትና ሦስት ወር መጠበቅ ይገባል። የምሰሶዎቹም ሥር ተጨማሪውን ሸክም ለመቻል የሚበቃ መሆን አለበት፤ ድዳቸው የታመመ፣ የሚነቃነቁ ጥርሶች ለድልድይ ምሰሶ አይሆኑም። በዚህ ሥርዐት የተሠሩት ድልድዮች፣ በየአገሩ የተደረጉት ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ከዐሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ከ10 ዓመት በኋላም በስፍራቸው ይገኛሉ።

ይህ መልካም ወሬ ነው፤ ዋጋው ግን በገንዘብ ብቻ የሚቈጠር አይደለም። ለአንድ ለጠፋ ጥርስ ሲባል ሁለት ጤናማ ጥርሶች ይሞረዳሉ፤ የተሞረደውም ኢናሜል ከእንግዲህ አይመለስም። ከተሞረዱት ጥርሶች መካከልም አንዳንዶቹ ከጊዜ በኋላ ልባቸው ታሞ የሥር ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ «ድልድይ ላሠራ ወይስ ልተው» ለሚለን ሰው የምንሰጠው መልስ አንድ ዐይነት አይደለም። ምሳሌ እንስጥ። አንዲት የ45 ዓመት እመቤት አንድ መንጋጋ ጐድሎባት፣ ግራና ቀኝ ያሉትም ጥርሶች አስቀድመው በትልልቅ መሙያ የተጠገኑ ናቸው እንበል። እነዚህ ጥርሶች ለራሳቸውም ዘውድ የሚፈልጉ ስለ ሆኑ፣ ድልድይ በአንድ ድንጋይ ሦስት ወፍ ይጥልላታል። አንድ የ20 ዓመት ወጣት ደግሞ በእግር ኳስ ጨዋታ አንድ የፊት ጥርሱ ወልቆ፣ ጐረቤቶቹ ግን ምንም እንከን የሌለባቸው ናቸው እንበል። እርሱ ዛሬውኑ ሁለቱን እንዲያስሞርድ የሚመክረው ሐኪም ካለ፣ እኛ በበኩላችን ሌላ ሐኪም ጨምሮ እንዲጠይቅ እንመክረዋለን።

ለእንደዚህ ያለው ወጣት ሌላ መንገድ አለና ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የታወቀ፣ ጐረቤቱን ጥርስ እምብዛም ሳይሞርዱ ከበስተኋላው በስስ ክንፍ የሚጣበቅ ቀላል ድልድይ አለ፤ በአሜሪካ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተሻሻለ በዚሁ ስም ይጠራል። ለፊት ጥርስ እጅግ የተስማማ ነው፤ ቢላቀቅም መልሶ ማጣበቅ ይቻላል። ዕድሜውና ገንዘቡ ሲፈቅድ ደግሞ በአጥንቱ ውስጥ የሚተከል የቲታኒየም ሥር አለ፤ ይኸውም ኢምፕላንት የሚባለው ነው። ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ብሮንማርክ በ1950ዎቹ በጥንቸል አጥንት ላይ ሲመራመሩ፣ ቲታኒየም ከአጥንት ጋር ፈጽሞ እንደሚዋሐድ ተረዱ፤ በ1965 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተከሉት። ይህ ዐይነቱ ጐረቤቶቹን አይነካም፤ ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ብዙ ለሚያጨስ ሰውና የስኳር በሽታው በሚገባ ላልተያዘለት ሰውም የመሳካቱ ዕድል ይቀንሳል። ብዙ ጥርስ ለጎደለው ሰው ደግሞ የሚወልቀው ሰው ሠራሽ ጥርስ ዛሬም አገልግሎቱ አልቀረም፤ ያደረገው ሰው ሊያፍርበት አይገባም።

በአገራችን የጥርስ ዘውድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሣበት አንድ ልዩ ምክንያት አለ። በስምጥ ሸለቆ፣ እንደ ወንጂና እንደ መተሐራ ባሉት ስፍራዎች፣ ከመሬት ውስጥ የሚወጣው ውሃ ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር የበዛበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው መጠን በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ሲሆን፣ ከ10 ሚሊግራም የሚበልጥ የተገኘባቸው ጕድጓዶች አሉ። ይህን ውሃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ፣ ሲብስም ተቦጫጭቆ ይበቅላል። ወጣቶቹ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑት ስለዚህ ነው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ጥርሱ ሁሉ በዘውድ እንዲለበስላቸው ይጠይቃሉ። እኛ የምንለው፣ መጠነኛ የሆነው ቡናማ ቀለም ላዩን ብቻ በመጥረግና በማንጣት፣ ጠለቅ ያለውም በፊቱ ላይ ብቻ ስስ ልባስ በመለጠፍ ሊታረም ይችላል፤ ሙሉ ዘውድ የመጨረሻው ዘዴ ይሁን ነው። ይልቁንም የልጅ ጥርስ ልቡ ሰፊ ስለ ሆነ፣ እድገቱን ሳይጨርስ ቢሞረድ ነርቩ በቀላሉ ይጎዳል። ጉዳቱም የሚመጣው ጥርሱ በድድ ውስጥ ሳለ፣ እስከ 8 ዓመት ዕድሜ ባለው ጊዜ ስለ ሆነ፣ በነዚህ አገሮች ላሉት ሕፃናት ንጹሕ የሆነ ሌላ ውሃ ማቅረብ ከማናቸውም ዘውድ የሚበልጥ ሥራ ነው። ያደገውን ሰው ግን ውሃውን መለወጥ የጥርሱን ቀለም አይመልስለትም።

እንዲሁም «ግግ ማስወጣት» የሚባለው ልማድ አልጠፋም። ሕፃኑ ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኵሰው፣ ያበጠው ድድ በስለት ተከፍቶ ገና ያልበቀለው የወተት ጥርስ ይወጣል። ከደም መፍሰሱና ከመመረዙ ሌላ፣ ከሥሩ የተቀመጠው የዋናው ጥርስ ዘር በዚሁ ስለት ይቈሰላል፤ ልጁም ሲያድግ ክራንቻው ጐድሎ ወይም ተጣሞ ይበቅላል። ተቅማጡ የሚድነው በሕይወት አድን ንጥረ ነገር እንጂ በጥርሱ መውጣት አይደለም።

ዘውድም ሆነ ድልድይ ለማሠራት የሚያስብ ሰው ፈቃድ ወዳለው የጥርስ ሐኪም ይሂድ። በሥራው ጊዜ ድድ ስለሚደማ፣ በሚገባ ያልተቀቀለ መሣሪያ የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል። ለያንዳንዱ ሰው አዲስ መርፌና አዲስ ጓንት ሲደረግ፣ መሣሪያውም ከታሸገበት ሲወጣ ማየት የበሽተኛው መብት ነው፤ መጠየቅም ነውር አይደለም። የጥርስ ሐኪም ከሕዝባችን ብዛት አንጻር ጥቂት መሆኑን፣ ወጪውም ለብዙ ቤተ ሰብ ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ራጅ ሳያነሣ፣ ድድ ሳይመረምር፣ የበሰበሰውን ሳይጠርግ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዘውድ አለብስሃለሁ የሚለው ሰው ያረከሰው ዋጋ፣ ኋላ በእጥፍ ይከፈላል።

ዘውድ የለበሰ ጥርስ አይበሰብስም ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። ዘውዱ ራሱ በእርግጥ አይበሰብስም፤ ከጠርዙ በታች ያለው የራስ ጥርስ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ጥበቃ ይፈልጋል። በቀን ሁለት ጊዜ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና፣ ብሩሹን ወደ ድዱ ጠርዝ አዘንብሎ ማጽዳት ያስፈልጋል። የወይራ መፋቂያ የለመደ ሰውም ጫፉን በደንብ አላምጦ፣ እንደ ብሩሽ ካለሰለሰው በኋላ በዚያው ጠርዝ ላይ በዝግታ ይፋቅበት፤ መፋቂያው ግን በጥርሶቹ መካከል ስለማይገባ ለዚያ ክር ያስፈልጋል። በድልድይ ሥር ክሩ ከላይ ስለማይገባ፣ ጫፉ በጠነከረ ክር ወይም በትንሽ ማሳለፊያ ከጐን አስገብቶ ምትኩን ጥርስ ከሥሩ መጥረግ ነው። ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ በእንቅልፍ ጊዜ የሚደረግ መከላከያ ይሠራለታል። የጠርሙስ ክዳን ደግሞ በመክፈቻ ይከፈት።

ዘውዱ ከወለቀ፣ ሲሚንቶው ከዓመታት በኋላ ሟሙቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ብዙ ጊዜ ታጥቦና ተመርምሮ እንደ ገና ሊጣበቅ ይችላል። ስለዚህ አይጣል። በቤት ውስጥ በሚገኝ የዕቃ ማጣበቂያ ለማጣበቅ መሞከር ግን ድዱን ያቃጥላል፤ ዘውዱንም ዘንበል አድርጎ ያስቀረዋል። በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ በትንሽ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ፣ በዚያ በኩል አለማኘክ፣ ቢበዛ በአንድ ሳምንት ውስጥም ዘውዱን ይዞ ወደ ሐኪሙ መሄድ ይገባል፤ የተራቈተው ጥርስ በዘገየ ቍጥር ጐረቤቶቹ ስለሚጠጉት የቀድሞው ዘውድ አልገባ ይላል።